ቁራጭ ጨርቅና ሙሉ ስጦታ

ያረጀ ልብስን ለችግረኛ መስጠት ምጽዋት ነውን፣ ወይስ ቁም ሣጥንን ማጽዳት? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። በየዓመቱ በዓላት ሲቃረቡ በየቁምስናው ልብስ ይሰበሰባል፤ ምእመናንም በፌስታልና በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ያመጣሉ። ከረጢቱ ሲፈታ ግን የሚወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ ተሟልቶ የታጠፈ ሸሚዝ ይገኛል። ዚፑ የተበጠሰ ሱሪ፣ አንገቱ ያደፈ ሹራብ፣ ጓደኛው የጠፋ ካልሲም ይገኛል። የሁለቱም ከረጢቶች ባለቤቶች «ሰጥቻለሁ» ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሁለቱም በእርግጥ ሰጥተዋልን?

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጥያቄ ያነሣነው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የሚሰጥ ሰው ከማይሰጥ ይሻላልና። ነገር ግን መስጠት የሥነ ምግባር ተግባር ከሆነ፣ እንዴት እንደሚሰጥ መመርመርም የዚያው ተግባር ክፍል ነው። ለዚህ ምርመራ የሚረዳ ጥሩ ምሳሌ በመርፌና በክር ሥራ ውስጥ እናገኛለን። ይኸውም ከትርፍራፊ ጨርቅ መሸፈኛ የመሥራት የእጅ ሙያ ነው።

ቁርጥራጭ እንዴት አንድ ልብስ ይሆናል?

በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ኩዊልት የሚባለው የአልጋ ልብስ ሦስት ድርብ አለው። የላይኛው ፊት ብዙውን ጊዜ ከብዙ ቁራጮች የተገጣጠመ ነው፤ መካከሉ ጥጥ ወይም ሱፍ ነው፤ የታችኛው ገበር ነው። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ተወግተው ይያያዛሉ። የአሠራሩም መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንዷ ባለሙያ ጨርቁን በአራት ማዕዘንና በሦስት ማዕዘን ቆርጣ ጠርዝ ለጠርዝ ትሰፋለች። ሌላዋ በአንድ ወጥ ጨርቅ ላይ በአበባ ወይም በወፍ መልክ የተቆረጡ ቁራጮችን ደርባ ትሰፋለች። ሦስተኛዋ ያለ ልኬትና ያለ ንድፍ፣ በእጇ ያለውን ይዛ፣ ዓይኗ እንደ መራት ትቀጥላለች። በቤንጋል ደግሞ እናቶች ያረጁ የጥጥ ሳሪዎችን ደራርበው በቀጭን ስፌት በመውጋት ካንታ የሚባለውን ለስላሳ መሸፈኛ ይሠራሉ፤ ሕፃናትንም ይጠቀልሉበታል።

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ። ጥሬ ዕቃው ለሌላ ሥራ የማይበቃ ትራፊ ነው። በትራፊው ላይ የተጨመረው ግን ትራፊ አይደለም። ለብዙ ሳምንታት ምናልባትም ለወራት የተቀመጡበት ጊዜ፣ የተመረጠ ቀለም፣ ከሥሩ ለሚተኛው ሰው የታሰበ ስፋትና ርዝመት ናቸው። ቁራጩ ከቤት የተረፈ ነው፤ ሰዓቱ ግን ከሕይወት የተቆረሰ ነው፤ ተመልሶም አይመጣም።

በእኛ አገር የሌሊቱን ብርድ የሚከላከሉት ጋቢና ቡሉኮ ከቁራጭ አይሠሩም። ከባዘቶው ጀምሮ አዲስ ናቸው፤ ሴቲቱ በእንዝርት ትፈትላለች፣ ሸማኔውም ድሩንና ማጉን አገናኝቶ ይሸምናል። በመጣፊያ ላይ መጣፊያ የተደረበበት ልብስ በቋንቋችን ሌላ ስም አለው፤ ድሪቶ ይባላል። ድሪቶ የማጣት ምልክት ነው፤ ስሙም ሲጠራ ከንፈር ያስመጥጣል፣ አንዳንዴም ያስንቃል።

ይሁን እንጂ በዚያው በባህላችን ባሕታውያንና መናንያን ይህንኑ ድሪቶ በፈቃዳቸው ለብሰውት ተከብረውበታል። በምዕራቡም ዓለም እ.ኤ.አ. በ1223 የጸደቀው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ማኅበር ሕግ ወንድሞች ርካሽ ልብስ እንዲለብሱ ያዛል፤ ልብሳቸውንም በማቅና በሌላ ቁራጭ ጨርቅ እንዲጥፉት በእግዚአብሔር ቡራኬ ይፈቅድላቸዋል። እዚያው ላይ ግን ወንድሞች ለስላሳ ልብስ የለበሱትን ሰዎች እንዳይንቁና እንዳይፈርዱባቸው ያስጠነቅቃል። ሕጉ ድሪቶን ለራሳቸው ለመረጡት ሰዎች የተጻፈ ነው፤ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ እንዲጭኑት ሥልጣን አይሰጣቸውም።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ጨርቅ በአንዱ ትከሻ ላይ ክብር፣ በሌላው ትከሻ ላይ ውርደት የሚሆነው ለምንድን ነው? ልዩነቱ ነጻነት ነው። መናኙ መርጦታል፤ ድኻው አልመረጠም። ቡትቶ በከረጢት አስረን ለችግረኛ የምንሰጥ ከሆነ፣ የድኽነት መሐላ ላልገባ ሰው የመናኝ ልብስ ማልበሳችን ነው። ትሕትና የሚያምረው ራስ ሲመርጠው ነው፤ ሌላው ሲያስገድድ ግን ስሙ ይለወጣል።

በአንድ ግቢ ውስጥ የነበረው ልማድ

የልደታ አሮጌ ሰፈር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በመልሶ ማልማት አብዛኛው ፈርሶ፣ በስፍራው ኮንዶሚኒየምና ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመዋል። በዚያ ሰፈር፣ እንደ ሌሎቹም የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ማድ ቤት ይኖር ነበር። ጠባብነቱና ጉስቁልናው የሚናፈቅ አይደለም። ነገር ግን በእነዚያ ግቢዎች ልብስ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት መንገድ ዛሬ ለጀመርነው ጥያቄ ብርሃን ይሰጣል። የአንዷ ልጅ ሱሪ ሲያጥረው ለጎረቤቷ ልጅ ይሰጥ ነበር። ሰጪዋ የልጁን ቁመት ታውቃለች፤ በየዕለቱ በበሯ ሲያልፍ ታየዋለችና። ስለዚህ ሱሪውን አጥባ፣ ጉልበቱ ላይ መጣፊያ አድርጋ፣ እግሩን በልኩ አጥፋ ትሰጠዋለች። ነገ ያንኑ ሱሪ ለብሶ በፊቷ ሲያልፍ የምታየው እርሷው ናትና ለራሷም ታፍርበታለች ወይም ትደሰትበታለች።

በዚያው ሰፈር «ልዋጭ!» እያለ የሚዞር ነጋዴም ነበር፤ ዛሬም በየሰፈሩ አለ። ያረጀ ልብስ ወስዶ በምትኩ የፕላስቲክ ሣፋ ወይም ጆግ ይሰጣል። ይህ ንግድ ነው፤ ንግድነቱንም ማንም አይደብቀውም፤ ስለዚህ ነውር የለበትም። እንዲያውም ልዋጭ ባዩ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ገልብጦ አይቶ፣ የማይረባውን ይመልሳል። ነውሩ ልዋጭ ባይ እንኳ የማይቀበለውን ጨርቅ ለድኻ ብለን ማምጣታችን ላይ ነው። ድኻው እንደ ነጋዴው «ይህ አይሆነኝም» ብሎ የመመለስ አቅም የለውም። የመመለስ አቅም ለሌለው ሰው የምንሰጠው ነገር፣ መመለስ ለሚችል ከምንሰጠው ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ዛሬ የምንሰጠው ለምናየው ሰው ብቻ አይደለም። በከረጢቱና በተቀባዩ መካከል ኮሚቴ፣ መጋዘን፣ መኪና አለ። ይህ መልካም ነው፤ ርዳታው ሩቅ ይደርሳልና። አደጋው ግን የተቀባዩ ፊት ከዓይናችን ሲጠፋ ቁመቱም፣ ብርዱም፣ እፍረቱም ከሐሳባችን አብረው መጥፋታቸው ነው። ታዲያ ፊቱን ለማናየው ሰው እንደ ጎረቤታችን ልጅ አድርጎ መስጠት ይቻላልን?

በትከሻ ላይ ያለ ቀለም

መቻሉን የሚያሳይ ምስክር በዚህችው በአዲስ አበባ አለ። ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለመሥራት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በዚያም በወሊድ ምክንያት በፊስቱላ የተጎዱ ሴቶችን አገኙ። ምጡ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን የውስጥ አካል ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይተዋል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽንቷን፣ አንዳንዴም ሰገራዋን መቆጣጠር አትችልም። ከሽታው የተነሣ ባል ይሸሻል፣ ጎረቤት ይርቃል፣ እርሷም ራሷን ትደብቃለች። ሁለቱ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዶክተር ካትሪን ደግሞ በ96 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ዐረፉ። በጀመሩት ሥራ ከ60,000 የሚበልጡ ሴቶች ታክመዋል።

በዚህ ሆስፒታል ግቢ የሚታወቅ አንድ ምልክት አለ። ታካሚዎቹ በትከሻቸው ላይ የሚያደርጉት ከባለቀለም የሱፍ ክር በእጅ ተሠርቶ፣ አራት ማዕዘን ቁራጮቹ እርስ በርስ የተያያዙ መደረቢያ ነው። ቀዩ ከአረንጓዴው፣ ቢጫው ከሰማያዊው አጠገብ ነው። የሠሩት በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚለብሱትን ሴቶች አይተው አያውቁም። ታክማ የዳነችውም ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል።

እስቲ ይህን በዚያች ሴት ቦታ ሆነን እናስበው። ለዓመታት ጨርቅ ለእርሷ የሚፈስሰውን መጥጦ የሚጣል ቡትቶ ነበር። ጨርቅ የበሽታዋ ምልክት፣ የእፍረቷ መሸፈኛ ነበር። አሁን በትከሻዋ ላይ ያለው ጨርቅ ምንም እንዲመጥጥ አልተሠራም። ሞቅ ሊያደርጋትና ሊያስጌጣት ተሠራ። አንዲት የማታውቃት ሴት ቀዩን ከአረንጓዴው ጎን ለማድረግ ቆም ብላ አስባለች፤ ያን ማድረግ ብርድን ለመከላከል አያስፈልግም ነበር። ይህ ያልተፈለገ የሚመስል ጭማሪ ራሱ መልእክት ነው፤ «ብርድሽን ብቻ ሳይሆን አንቺን አስቤአለሁ» ይላል። ቀዶ ሐኪሙ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እፍረቱ ግን በቀዶ ሕክምና ብቻ አይደፈንም። ወደ መንደሯ የምትገባውም በአሮጌ ልብሷ ቢሆን ጎረቤቶቿ የሚያስታውሱት ያንኑ አሮጌ ታሪክ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ሌላም ነገር አለ። ማሚቱ ጋሼ ገና በወጣትነቷ በዚሁ ጉዳት ምክንያት ወደ ሃምሊን ባልና ሚስት መጥታ ታከመች። ቀጥላም እዚያው ቀርታ ሥራ እየረዳች ሙያውን ተማረችና፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ በፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የታወቀች ባለሙያ ሆነች። ቁስሏ በመርፌ የተሰፋላት ሴት የሌሎችን ቁስል የምትሰፋ ሆነች ማለት ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ሊቃወም ይችላል። «አንዲት ሴት ለአንድ መደረቢያ የምታጠፋውን ብዙ ሰዓት ሠርታ ደመወዝ ብታገኝበት፣ በገንዘቡ ብዙ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገዝታ ለብዙ ሰው ትሰጥ ነበር። የሚንቀጠቀጥ ሰው ማን እንደሰፋለት አይጠይቅም» ሊል ይችላል።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. የረኀብ ዘመን በቆረም ደጋ ሌሊቱን በሜዳ ላይ ላሳለፈ ሕዝብ የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ ነበር፤ ብዙና ፈጥኖ የሚደርስ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም ስለ ምጽዋት ሲያስተምር፣ ከሚያስፈልገን የተረፈውን በብርቱ ችግር ላይ ላለ ሰው መስጠት ግዴታ እንደሆነ ያስረዳል። ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ስፌት እስኪያልቅ ጠብቅ አይባልም። ነገር ግን ችግር ሁሉ የአንድ ሌሊት አይደለም። ለዓመታት የተጣለ ሰው፣ በሕመሙ የተገለለ ሰው፣ በእርጅናው የተረሳ ሰው ከብርዱ በላይ የሚያሠቃየው ማንም የማያስበው መሆኑ ነው። ለዚህ ሕመም በብዛት የሚመረት መድኃኒት የለም። የሌላ ሰው ጊዜ ብቻ ይፈውሰዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ብርድ ልብስ?» ብቻ ሳይሆን «ይህ ሰው ያጣው ምንድን ነው?» መሆን አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። «ዋናው ልብ ነው። በቅን ልቡና እስከ ሰጠሁ ድረስ ቁልፉ ቢጎድል ምን አለበት?» የሚል ነው። ጥንታዊው ሮማዊ ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ውለታ በጻፈው ሥራው፣ የስጦታ ምንነት በተሰጠው ዕቃ ላይ ሳይሆን በሰጪው ፈቃድ ላይ እንደሆነ አስተምሯል። እውነት አለው፤ ትንሽ ስጦታ ከትልቅ ሊበልጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ፈቃድ በልብ ውስጥ ብቻ ከቀረ ተቀባዩ በምን ያየዋል? ተቀባዩ የሚያየው ሸሚዙን ነው። የጎደለውን ቁልፍ ለመትከል አምስት ደቂቃ ያልበቃው ፈቃድ፣ ቅን ነኝ ቢልም፣ ምስክሩ ሸሚዙ ነውና በእርሱ ላይ ይመሰክርበታል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የምትገኘው ጣቢታ ለዚህ መልካም ምሳሌ ናት። በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶች እያለቀሱ በጴጥሮስ ዙሪያ ቆመው ያሳዩት ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች ነበር። በምዕራፉ ውስጥ ጣቢታ የተናገረችው አንድም ቃል አልተጻፈም። ፍቅሯን የተናገረላት ስፌቷ ነው።

ተቀባዩም ሠሪ ነው

እስካሁን የተናገርነው ሀብታም ሰጪ፣ ድኻ ተቀባይ እንደሆኑ አድርገን ነው። ይህ አስተሳሰብ ብቻውን ከቀረ ግን ሌላ ስሕተት ይወልዳል፤ ውበት የሀብታም፣ ለድኻ ግን ሙቀት ብቻ ይበቃዋል የሚል ስሕተት። ይህን የሚያፈርስ ታሪክ በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ በወንዝ እጥፋት ውስጥ ከተከበበችው ጊስ ቤንድ ከተባለች መንደር እናገኛለን። ነዋሪዎቿ በባርነት ይሠሩ የነበሩ የጥቁሮች ዘሮች ናቸው፤ ለረጅም ዘመንም በከባድ ድኽነት ኖረዋል። ሴቶቻቸው ያለቀ የሥራ ሱሪ፣ ያረጀ ሸሚዝና የከረጢት ጨርቅ እየቆራረጡ ለቤተሰባቸው የሌሊት ልብስ ይሰፉ ነበር።

ከእነርሱ አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ እ.ኤ.አ. በ1942 ባልዋ ሲሞት የሥራ ልብሶቹን ወስዳ አንድ ኩዊልት ሰፋችባቸው። ዓላማዋ እርሱን ለማስታወስና በፍቅሩ ተሸፍና ለመተኛት እንደነበር ልጅዋ ከጊዜ በኋላ ተናግራለች። በ1966 (እ.ኤ.አ.) በዚያው አውራጃ ያሉ ሴቶች የስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ሥራቸውን ወደ ገበያ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የመንደሪቱ ኩዊልቶች በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም በግድግዳ ላይ ተሰቅለው እንደ ታላቅ ሥነ ጥበብ ታዩ።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ዋጋ ያለውን ነገርና ክብር ያለውን ነገር ለይቷል። ዋጋ ያለው በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ክብር ያለው ግን ምትክ የለውም። የሚዙሪ ፔትዌይ ሥራ ሙዚየም ከመግባቱ በፊት ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ክብሩ ግን የመጀመሪያው ስፌት ከተሰፋበት ሌሊት ጀምሮ ሙሉ ነበር፤ የአንድ የተወሰነ ሰው ጉልበትና ላብ ያለበት ጨርቅ በሌላ ጨርቅ አይተካምና። ሙዚየሙ ያን ክብር አየው እንጂ አልሰጠውም።

ከዚህ የምንማረው ለርዳታ ሥራችን ቀጥተኛ ትምህርት ነው። ድኻን ሁልጊዜ ተቀባይ አድርጎ የሚያስቀር ምጽዋት ግማሽ ምጽዋት ነው። ከረጢት ከማምጣት ጋር መርፌ፣ ክር፣ የስፌት መኪናና ለሠራችው ሥራ ተገቢውን ክፍያ ማምጣትም ያስፈልጋል። በዚህች ከተማ ውስጥ ከልብስ ሰፊዎች ሱቅ በየቀኑ የሚጠረገው ቁርጥራጭ ብዙ ነው፤ ሥራ ያጡ ባለሙያ እጆችም ብዙ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት የቁምስና ሴቶች ማኅበር አቅም የማይችለው ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ያረጀ ልብስ መስጠት ምጽዋት ሊሆን ይችላል፤ ቤት ማጽዳትም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በልብሱ ዕድሜ አይለካም። አሮጌ ሳሪ ለሕፃን ክቡር መጠቅለያ ሆኗል፤ የሟች ሱሪ ለመበለት መጽናኛ ሆኗል። ትራፊን ስጦታ የሚያደርገው ሰጪው ከራሱ የጨመረበት ጊዜና ስለ ተቀባዩ ሰው ያሰበው ሐሳብ ነው። ከራሳችን ምንም ካልጨመርንበት የሰጠነው ትራፊ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ልብስ ስንሰበስብ ለእያንዳንዱ ልብስ አንድ ጥያቄ እናቅርብለት። ይህን ልብስ የሚለብሰው ሰው ነገ ጠዋት በደጄ ቢያልፍና ሰላም ብለው፣ ዓይኑን በቀና ማየት እችላለሁን? የምንችል ከሆነ እንስጠው። የማንችል ከሆነ መርፌና ክር እናንሣ፤ ቁልፉን እንትከል፣ ዚፑን እናስጠግን፣ ቀዳዳውን እንጣፍ፣ እናጥበው፣ እንተኩሰው። ከዚያም በኋላ የማይሆን ከሆነ ለልዋጭ ባዩ እንስጠው፤ ለድኻው ግን፣ አቅማችን በፈቀደ መጠን አንድም ቢሆን፣ በልኩ የተሰፋ አዲስ ልብስ እናዘጋጅለት። ልኩን ለማወቅም አስቀድመን ሄደን እንጠይቀው።